የአክስት ሁዊዩ ማጠቢያ ማሽን

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት መርሳት ስለጀመርኩ ነው። ትናንት የአንድ ደንበኛ ራዲዮ ፈትቼ፣ ብሎኖቹን በሻይ ብርጭቆ አድርጌ፣ ዓሣ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ክዳኑ ተገጥሟል፤ ብሎኖቹ ጠብቀዋል፤ ራዲዮውም ይለፈልፋል። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሷ ደግሞ አባቴ በኦገስት ከሞተ ወዲህ ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ወንበሯ እምብዛም አትነሣም። ስለዚህ የሠራሁት እኔው ነኝ ማለት ነው፤ ግን አንዱም ትዝ አይለኝም። ሃምሳ ሰባት ዓመት ለመጃጀት ገና ነው። ከእንግዲህ የሠራሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ደብተሩ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ግድ የለኝም፤ እናቴ ማንበብ አትችልም።

ከሰዓት በኋላ የዳገቱ ጎረቤታችን አክስት ሁዊዩ መጡ። መቶ አርባውን ደረጃ በዝናብ ወርደው፣ ከኋላቸው ሁለት የኪሉንግ ወደብ ጫኞች ማጠቢያ ማሽናቸውን ተሸክመው። ባለ ሁለት በርሜሉ ነው፤ በአንዱ ያጥባል፣ በሌላው ይጨምቃል። የገዙት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ በሰፈሩ የመጀመሪያው ነበር።

«ጨማቂው ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ማጠቢያውም ወደ አንድ ጎን ብቻ ይዞራል» አሉ። «አባትህ ቢኖር እስከ ነገ ያደርስልኝ ነበር።»

«አክስቴ፣ እስኪሠራ አዲስ አውቶማቲክ ላውስዎት።»

«ያንን መሐል ላይ ቆሞ ዓይኑን የሚያርገበግብብኝን? እኛ ዳገት ላይ ውሃ የሚመጣው እንደ ክር ቀጥኖ ነው። የኔው በሩብ ሰዓት ይጨርስልኛል።»

ልጃቸው መርከብ ውስጥ ወድቆ አልጋ ላይ ከዋለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንሶላው በቀን ሦስቴ ይቀየራል። አሁን በእጃቸው ሊያጥቡት ነው፣ በዚህ ብርድ።

«አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። አፌ እንደ አባቴ ይናገራል፤ እጄ ግን የአባቴ አይደለም።

ማታ ታይቹንግ ካለችው እኅቴ ከቢሲያ ጋር በስልክ አወራን። ሰሞኑን ስንነጋገርበት እንደሰነበትነው፣ ከጨረቃው አዲስ ዓመት በኋላ ሱቁን ዘግተን እናቴን እሷ ጋ እንደምንወስድ ቁርጥ አደረግን። አሥራ አንደኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር አለው፤ ደረቅ ነው። ለእናቴ እኔ ልነግራት ተስማማሁ። ነገ።

ዲሴምበር 4

የሞተሩን ማስነሻ ካፓሲተር ቀየርኩ። ያው ማጉረምረም። እናቴ የስኳር ድንች ሾርባዋን ግማሹን ተወችው። አልነገርኳትም።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ሞተሩን አወጣሁ። ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ውሃ ሰርጎ ዘንጉን ከኩሽኔታው ጋር አጣብቆታል። በመዶሻ መታሁት፤ አልነቃነቅም አለ። ከዚያ አምፖሉን አስጠግቼ የሽቦውን ጥምጥም ሳይ እጄን በአፌ ጫንኩ። ፋብሪካው የጠመጠመው አይደለም። አንድ ጊዜ ተቃጥሎ፣ በሰው እጅ እንደ አዲስ ተጠምጥሟል። ሽቦው ከፀጉር ጥቂት ይወፍራል፤ ዙሩ በመቶ የሚቆጠር ነው፤ አንዱም በሌላው ላይ አልወጣም። ጥግ ጥጉን በሰም በተነከረ ክር አስሮታል፤ ቋጠሮዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ሞተር ሳይሆን የሙሽራ ጥልፍ ያየሁ መሰለኝ።

አባቴ! አንድም ቀን ይህን እችላለሁ ብሎ አልተናገረም። ልጅ ሳለሁ፣ ኋላም ከአንድ የመርከብ ኩባንያ ሥራ ተቀንሼ ወደ ሱቁ ስመለስ፣ ቃሉ አንድ ነበር፦ «አንተ ሄደህ ዕቃውን አድርስ፤ ይህን እኔ አየዋለሁ።» አድርሼ ስመለስ ተሠርቶ ይጠብቀኛል። እሱ በር ላይ ሲጋራውን ያጨሳል፣ እጁ እንደ ጸሐፊ እጅ ንጹሕ ነው። እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሰው ነበር!

አጠገቡ ሆኜ ምንም አልተማርኩም።

ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

ታይፔ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ተራ። ዘጠኝ ሱቅ ገባሁ። የመጨረሻው ባለሱቅ ከማሽኑ ያወጣሁትን፣ ከዘንጉ ውሃ የሚከለክለውን ያረጀ ጎማ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ሳቀ።

«ጌታው፣ ማሽኑን ሙዚየም ውሰደው።»

«ሙዚየም አንሶላ አያጥብልኝም» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ያ በመዶሻ እምቢ ያለው ዘንግ በአንድ ጣት ይዞራል! አጠገቡ ማንቆርቆሪያው ገና ትኩስ ነው። ሙቅ ውሃና ዘይት አፍስሼበት ሄጄ ይሆን? አልጻፍኩትም። መጻፍም እየረሳሁ ነው።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ሳምንት ብዬ ነበር። ሳምንቱ አልፏል። አክስት ሁዊዩ አልቆጡኝም። በር ላይ ቆመው «ደርሷል?» አሉኝ ብቻ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ደብቀው። ቁልፍ ከኪሳቸው ሲወድቅባቸው ሊያነሡ እጃቸውን አወጡት። አውራ ጣታቸው ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። አልጋው ላይ ያለው ልጅ የኔ እኩያ ነው፤ አብረን ተምረናል።

ከሄዱ በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ «ምን ያህል ተሰንጥቋል?» አለች። በሳምንቱ ውስጥ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይህ ነው።

«ክፉኛ» አልኳት።



የማጠቢያው በኩል ችግሩ ሰዓቱ ነው። ዛሬ ፈታሁት። ከኤሌክትሪክ ምንም የማይጠብቅ ነገር! እንደ ልጅ መጫወቻ በእጅ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ጥርሶቹ በራሳቸው እየቆጠሩ ወደ ግራ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ወደ ቀኝ ያደርጉታል። ሲቆጥር ኖሮ አንዲት ጥርስ ብቻ ነው የተሰበረችው። የሠሩት ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? በዚህ ትዕግሥት ያበጀውን ሰው መንገድ ላይ ብናገኘው እናውቀው ይሆን?

ቁራሌው ቲየን ግቢውን አስፈተሸኝ። ከዝገት በቀር ምንም። «ጠረፍ ላይ ያለችው ማጋንግ መንደር ሂድ» አለኝ። «የባሕር ሣር ለቃሚዎቹ ሴቶች የሣራቸውን ውሃ በዚህ ዓይነት ጨማቂ ነው የሚያንጠፈጥፉት።»

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ማጋንግ። ነፋሱ ሰው ይጥላል። ከባሕር ገና የወጣች፣ ጥቁር የመጥለቂያ ልብሷ ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ የሰባ ዓመት ሴት አገኘሁ። በጓሮዋ ያው ማሽን፣ ያው አረንጓዴ! ጨማቂው በሣር ሞልቶ ይሽከረከራል።

«ይሽጡልኝ» አልኳት።

«ይህን? ባሌን ውሰድ ብትለኝ ይቀለኛል!» ጓደኞቿ ሁሉ ሳቁ። «ማጠቢያው በኩል ግን ዶሮ ነው የሚፈለፍልበት። ሰዓቱን ፍታና ሂድ፤ ዶሮዋ ሰዓት አታይም።»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የኪሉንጉ የዮው ሱቅ ስላት ፊቷ በራ።

«እናትህ አለች? እጇ ደህና ነው?»

ስለ አባቴ አልጠየቀችም። የእናቴ እጅ ምን እንዳሳሰባት አልገባኝም። ባሕሩ ጆሮዋን ሳይደፍነው አልቀረም፤ ሌላ ሰው መስሏት ይሆናል።

ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። «ማጋንግ?» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ዲሴምበር 24

ቢሲያ ደውላ «ነገርካት?» አለች። «በዚህ ሳምንት» አልኩ። ዝናብ። ሰዓቱ ተገጥሟል፤ ግራ፣ ዕረፍት፣ ቀኝ። የቀረኝ የዘንጉ ጎማ ነው። እሱ ከሌለ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ይጣበቃል።

ጃንዋሪ 3፣ ዓርብ

የጀልባ ሞተር ከሚሸጡት ዘንድ ለአገልግሎቱ የሚሆን ጎማ አገኘሁ። ለክቼዋለሁ፤ ሁለት ሚሊ ይበልጣል። አይገባም። ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ለአክስት ሁዊዩ የእጅ ቅባት ልገዛ ወጣሁ። ቅባት! ከኔ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው።

(በኋላ) ጎማው ገብቷል። ጠርዙ ዙሪያውን ተሞርዶ እንደ ፋብሪካ ዕቃ ልክክ ብሏል። ደብተሬን ገለጥኩ፤ «ሁለት ሚሊ ይበልጣል። አይገባም» ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ስለዚህ አልረሳሁም። እኔ አይደለሁም የሠራሁት።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ወዳለው የአባቴ መታሰቢያ ሄጄ ተንበረከኩና ጮክ ብዬ «አባዬ፣ ከዚያም ሆነህ አልተውከኝም። እጅህ እንዳለ ነው» አልኩ። አለቀስኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

ከመጋረጃው ጀርባ ማንኪያ ወደቀ።

«ምነው እማዬ?»

«ሾርባው አቃጠለኝ።»

ሾርባው ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠ ነው።

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ



የጨማቂው ፍሬን አልይዝ ብሎ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት በርሜሉ ወዲያው መቆም አለበት፤ አለዚያ የሰው ክንድ ይሰብራል። የፍሬን ሽቦ ፍለጋ ወደ ታይፔ ልሄድ አውቶቡስ ፌርማታ ደረስኩና መነጽሬን እንደረሳሁ አወቅኩ። ተመለስኩ። በሩን ልከፍት ስል በመስተዋቱ አየኋት።

እናቴ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፋ በጎኗ ተኝታለች። የወደቀች መስሎኝ ልጮህ ነበር። ግን ክንዷ እስከ ትከሻዋ ማሽኑ ውስጥ ነው። ጉንጯን ቆርቆሮው ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በከንፈሯ ትቆጥራለች። እጇን ስታወጣ የፍሬኑን ሞላ ይዛለች። በፒንሳ ያዘችው። ጎነበጠ ለማለት እንኳ የማይበቃ፣ ትንፋሽ ታህል አጎነበሰችው። መለሰችው። በርሜሉን በጣቷ ሰበቀችው፤ አዳመጠች። እንደገና አወጣችው። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ክዳኑን ስትከፍት በርሜሉ ቀጥ አለ፣ ስሙን እንደ ጠሩት ሰው።

ታንጎራጉር ነበር። እናቴ ስታንጎራጉር ሰምቼ አላውቅም።

አልገባሁም። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አየኋት። ብርዱ የተሰማኝ ሱቃቸውን ዘግተው የሚሄዱት ጎረቤቶች «ቁልፍ ጠፋብህ?» ሲሉኝ ነው። ያ የሙሽራ ጥልፍ። ያ የአባቴ ንጹሕ እጅ። «አንተ ሄደህ ዕቃውን አድርስ።» የማጋንጓ ሴት፦ «እጇ ደህና ነው?»

ሃምሳ ሰባት ዓመት ከዚህች ሴት እጅ በላሁ። እጇን አንድ ቀን አላየሁትም።

አባቴ ላይ ልቆጣ ፈለግኩ። ቁጣው ግን አልመጣ አለኝ። የመጣው ትልቅ ተራራ ሥር ሲቆሙ የሚመጣው ማነስ ነው።

ጃንዋሪ 10፣ ዓርብ

ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም። «አየሁሽ» ብላት የምትሰበር መሰለኝ። ስለዚህ ከማሽኑ የኋላ ሽፋን ላይ የተለጠፈውን ንድፍ ይዤ ተቀመጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ለራሱ እንደሚያነብ ሰው። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቺንጋው፣ ስለ ፍሬኑ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ የለም። ሆን ብዬ አንድ መስመር ዘለልኩ።

«ዘለልክ» አለች።



«እዚያ ላይ 'ስድስት ሚሊ ክፍተት ይተው' ይላል። አባትህ ሁለቴ ነበር የሚያነብልኝ።»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ማንበብ የማትችለው እናቴ ንድፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች! ይህን ብቻ አይደለም። ደርዘን ማሽኖች፣ የራዲዮ፣ የማራገቢያ፤ አባቴ ያነበበላት ሁሉ እንደ ጸሎት ተቀምጧል።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ነገረችኝ። ስሟ ቧን ነው፤ አያቴ አራተኛዋ ሴት ስትወለድበት «ሞላ፣ በቃን» ሲል ያወጣላት። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ወደብ አጠገብ የመርከብ ሞተር ከሚጠመጥሙበት ሱቅ አስገቧት፤ የሴት ልጅ ጣት ቀጭን ነው ብለው። አባቴ እዚያ ወረቀት ጸሐፊ ነበር። ተጋብተው ይህን ሱቅ ሲከፍቱ የመጀመሪያው ደንበኛ መርከበኛ ነበር። ራዲዮውን እሷ ስትፈታው አይቶ ነጠቃት። «ሴት የነካችው ራዲዮ መርከብ ላይ አይወጣም» ብሎ። መጋረጃው የተሰቀለው በማግስቱ ነው።

«አባዬ አላፈረም?»

«አፈረ እንጂ! በተመሰገነ ቁጥር እራቱ አይዋጥለትም። 'ዛሬም ያንቺን ምስጋና በላሁ' ይለኛል። ሁለት ጊዜ ለሰፈሩ ሊናገር ተነሣ። የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን እማዬ?»

«አንተን አይቼ ነዋ። በር ላይ ቆመህ እሱን የምታይበትን ዓይን አይቼ። ልጅ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ባልታይም እጄ ሥራ አላጣም።»

ከዚያ ካቻቪቴውን ከእጄ ወሰደችና «ይህን ደግሞ እንደ ማንኪያ አትያዘው» አለችኝ።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

አደረስነው። እናቴ እኔም ልምጣ አለች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መቶ አርባ ደረጃ። አራት ቦታ አረፈች፤ ጫኞቹ ሁለት ቦታ።

አክስት ሁዊዩ በሩን ሲከፍቱ ማሽኑን አላዩም። «አ-ቧን!» ብለው በቁልምጫ ጠርተው ተጠመጠሙባት። የተሰነጣጠቀው እጅና የማሽን ዘይት የጠገበው እጅ ተያያዙ።

«አክስቴ፣ ማሽኑን የሠራችው...» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ታላቅ ነገር ልገልጥ ነው።

«እናትህ ናት። ታዲያ ማን ሊሆን ነበር?» አሉ። «የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቃል። አባትህ ሲወጣ ጠብቀን በጓሮ አልነበር የምንገባው? የማያውቁት ወንዶቹ ናቸው።» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንዳንዶቹ እዚያው ቤት ይኖራሉ።»

ሃምሳ ዓመት! ይህ ሁሉ ሴት፣ ይህ ሁሉ ምላስ፣ አንዷ እንኳ አላመለጣትም። ደረጃው ላይ በየቀኑ ሲያልፉ ሲያገድሙ ያየኋቸው ባለ ዘንቢሎች!

አንሶላ ነከርን። ግራ፣ ዕረፍት፣ ቀኝ። ከዚያ ጨማቂው ተነሣ። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ፏጨ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ፍጥነቱ ብቻ ቀረ። ከውስጠኛው ክፍል የአልጋው ልጅ፣ ቃል አጥርቶ መናገር የማይችለው ጓደኛዬ፣ ከፉጨቱ ጋር አንድ ላይ ድምፁን አወጣ። አክስት ሁዊዩ ክዳኑን ከፍተው አንሶላውን በፊታቸው ላይ አደረጉት። ለረጅም ጊዜ አላነሡትም።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ነገርኳት። «እማዬ፣ ቢሲያና እኔ...» ብዬ ስጀምር፦

«አሥራ አንደኛ ፎቅ» አለች። «አሳንሰር አለው፤ ደረቅ ነው። መጋረጃ እኮ ጨርቅ ነው ልጄ፣ ግንብ አይደለም። ስልክ ላይ ደግሞ ትጮኻለህ።»

የምገባበት ጠፋኝ።

«ራዲዮውን የገጠምኩልህ ለምን ይመስልሃል? ዘወር ብለህ 'ማነው?' እስክትል ጠበቅኩ። አንተ ግን አስቀድመህ ራስህን አሳበድክ፤ ቀጥለህ የሞተ ሰው አመሰገንክ።» ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች። «እዚያ ፎቅ ላይ ማን ማሽን ያመጣልኛል? አልሄድም አላልኩም። ማን ያመጣልኛል ነው ያልኩት።»



ጃንዋሪ 30

የጨረቃው አዲስ ዓመት ሁለተኛ ቀን። ቢሲያ በዚህ ቀን እንዳገቡ ሴቶች ወግ ወደ እናቷ ቤት መጣች፤ ባዶ ካርቶኖችና የማሸጊያ ፕላስተር ይዛ። ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም። «ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው! ኤሌክትሪክ ቢይዛትስ? አብደሃል?» ተጨቃጨቅን። እናቴ የሩዝ ኬኳን በላች። ሙሉውን።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

የበዓሉ አምስተኛ ቀን፤ ሱቆች የሚከፈቱበት። ለአንድ ቀን እንክፈትና ያሉትን የደንበኞች ዕቃዎች እንመልስ አልኩ። በሩን ከፈት ሳደርግ ሦስት ሴቶች በዝናቡ ቆመዋል፤ አንዷ የሩዝ ማብሰያ፣ አንዷ ማራገቢያ፣ አንዷ በአንቀልባ እንደ ሕፃን ያዘለችው ራዲዮ። አክስት ሁዊዩ ወሬውን አድርሰውላቸዋል። ሴቶቹ በጓሮ አልዞሩም። በፊት ለፊት ገቡ።

እናቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፤ እዚያው፣ ከመንገድ በሚታየው። ቢሲያ ክንዷን አጣጥፋ ካርቶኖቿ መሐል ቆማለች።

«አንቺ» አለቻት እናቴ ቀና ሳትል፣ «ጣቶችሽ የኔ ናቸው። ነይ ይህን ክር ያዢ፤ አጥብቀሽ፣ ግን አታንቂው።»

ቢሲያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናት። መጥታ ያዘችው። እናቴ አንድ ቋጠሮ አሳየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ። ቢሲያ ሁለተኛውን ራሷ ቋጠረችና አየችው፤ ከዚያ የእናቴን እጅ አየች፣ ከዚያ እኔን። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

ወደ ቀትር አንድ የታክሲ ሹፌር ማሞቂያ ይዞ ገባ። ዘወር ዘወር ብሎ አየ።

«ባለሙያው የሉም?»

«እናቴ ናት» አልኩት።

«እሷ?» አለ። የጠረጴዛውን ሽቦ አየ፣ የእናቴን ሽበት አየ፣ ሳቅ አለና ማሞቂያውን መልሶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። «ግድ የለም፣ ሌላ ቦታ እሞክራለሁ።» እግሩ ደጃፉን አልፏል።

እናቴ አንገቷን አላነሣችም። አፌን ልከፍት ስል ቢሲያ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ተነሣች። ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ወዴት ነው? ተመለስና ተቀመጥ። ተራህ አራተኛ ነው።»

ሰውየው ቢሲያን አየ። ሦስቱን ሴቶች አየ። ተመልሶ ከቢሲያ ካርቶኖች አንዱ ላይ ተቀመጠ።